የሰውነት ዘበኞች ልጓም፤ የዶክቶር ፓውል ኤርሊክ ሕይወትና ሥራ

የሰው ልጅ ስለ በሽታ ሲያስብ ጠላቱ ሁልጊዜ ከውጭ የሚመጣ ይመስለዋል። ወባ ከትንኝ፣ ተስቦ ከቅማል፣ የሳንባ ነቀርሳም ከታመመ ሰው ትንፋሽ እንደሚመጣ ተምረናልና ይህ አስተሳሰብ ስሕተት አይደለም። ይሁን እንጂ ሰውነታችን የሚጎዳው በውጭ ጠላት ብቻ አይደለም። ጠላትን እንዲመክትለት በገዛ ደሙ ውስጥ ያሠለፈው ሠራዊት ተመልሶ ባለቤቱን የሚያቆስልበት ጊዜ አለ።

ለዚህ ነገር ምስክር ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከደሴ ከተማ በስተሰሜን በቦሩ ሜዳ የሚገኘው ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የወሎ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠጊያ ሆኖ ኖሯል። ከሐይቅ ዳርቻ ወይም ከአምባሰል ተራራ ሥር ተነሥቶ ሕክምና የሚሻ አንድ ሕመምተኛ እናስብ። መድኃኒቱን ይጀምራል፤ መድኃኒቱም የሥጋ ደዌን ተሕዋስያን ይገድላል። ነገሩ ሁሉ መልካም በሚመስልበት ሰዓት ግን አንዳንድ ጊዜ ያልታሰበ ነገር ይደርሳል። በቆዳው ላይ ደብዝዞ የነበረው ምልክት ይቀላል፣ ያብጣል፤ በክርኑ አጠገብ የሚያልፈው ነርቭ ይወፍርና ያመዋል፤ በጊዜ ካልታከመም ጣቶቹ ይታጠፋሉ። ሕመምተኛው መድኃኒቱ ጎዳኝ ብሎ ትቶት ሊሄድ ይችላል። ጥፋቱ ግን የመድኃኒቱ አይደለም። ተሕዋስያኑን ሊያጠፋ የተነሣው የሰውነት መከላከያ ልኩን አልፎ ነርቩንም አብሮ ስለሚያቃጥል ነው። ይህ የመከላከያ መቆጣት ከሕክምናው በፊት፣ በሕክምናው ጊዜ ወይም ከሕክምናው በኋላ ሊነሣ እንደሚችል ሐኪሞች ያውቃሉ።

እንግዲህ ይህን ብርቱ ሠራዊት በጤናማው ሰው ዘንድ የሚገታው ማን ነው? በየቀኑ ከሚገድላቸው ተሕዋስያን ጋር ባለቤቱን እንዳይገድል የሚከለክለው ልጓም ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ በሳይንስ መንገድ አጥርተው ከጠየቁት ሰዎች ቀዳሚው ጀርመናዊው ሐኪም ፓውል ኤርሊክ ነበር። በዛሬው ዓምዳችን የዚህን ታላቅ ሰው ሕይወትና ሥራ ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውሳለን።

ፓውል ኤርሊክ በማርች 14 ቀን 1854 ስትሬህለን በምትባል የሲሌዝያ ትንሽ ከተማ ተወለደ። ከተማዪቱ በዚያን ጊዜ የፕሩስያ ግዛት ነበረች፤ ዛሬ በፖላንድ አገር ትገኛለች። ወላጆቹ አይሁድ ሲሆኑ አባቱ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ያስተዳድር ነበር። ልጁ ፓውል የሕክምና ትምህርቱን በብሬስላው፣ በስትራስቡርግ፣ በፍራይቡርግና በላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲዎች ተከታተለ። ሌሎች ተማሪዎች ለፈተና የሚያስፈልገውን ሁሉ ሲሸመድዱ የእሱን ልብ የማረከው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም ቀለም ነው።

በዚያ ዘመን የጀርመን ፋብሪካዎች ከድንጋይ ከሰል ዝቃጭ ልዩ ልዩ የጨርቅ ማቅለሚያዎችን ማውጣት ጀምረው ነበር። የአጎት ልጅ የሆነው ካርል ቫይገርት እነዚህን ቀለሞች በማይክሮስኮፕ ለሚታዩ ነገሮች ማቅለሚያ በማድረግ ስሙ የታወቀ ሐኪም ነበርና ወጣቱ ኤርሊክ መንገዱን ከእሱ አገኘ። የሚሠራበት ጠረጴዛ በሰማያዊ፣ በቀይና በቢጫ ቀለም የተዥጎረጎረ ነበር። ቀለም ሲያፈስ የዋለ ተማሪ ምን ይረባል የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ኤርሊክ ግን ሌላው ያላስተዋለውን ነገር አስተውሎ ነበር። አንዱ ቀለም አንዱን ሕዋስ ብቻ መርጦ ይይዛል፤ አጠገቡ ያለውን ግን ሳይነካው ያልፋል። ይህ ምርጫ ከየት ይመጣል? ኤርሊክ ዕድሜውን በሙሉ የሠራው ሥራ ይህን አንድ ጥያቄ መከተል ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

በ1878 በላይፕሲግ የዶክቶርነት ማዕረጉን ያገኘው ስለ ቀለም በጻፈው ጽሑፍ ነው። በዚሁ ጽሑፍ ማስት ሕዋስ የሚባለውን፣ ዛሬ ከአለርጂ ጋር ስሙ የሚነሣውን ሕዋስ፣ ለይቶ አሳወቀ። ከዚያም በርሊን በሚገኘው በሻሪቴ ሆስፒታል ተቀጥሮ ሲሠራ ነጭ የደም ሕዋሳትን በቀለም አቀባበላቸው እየለየ በየወገናቸው መደባቸው። ዛሬ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ የደም ናሙና ወስዶ ነጭ ሕዋሳትን በየዓይነታቸው ሲቆጥር የሚከተለው ኤርሊክ የጀመረውን መንገድ ነው።

በማርች 24 ቀን 1882 ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋስያን ማግኘቱን በበርሊን ባስታወቀ ጊዜ ኤርሊክ ከአድማጮቹ መካከል ነበር። ወዲያውም ወደ ሥራው ተመልሶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚሻል የማቅለሚያ ዘዴ አወጣ። የነቀርሳ ተሕዋስያን አንድ ጊዜ ቀለም ከጠጡ በኋላ በአሲድ ቢታጠቡም ቀለሙን እንደማይለቁ ያስተማረ እሱ ነው። ይህን ዘዴ ሲልና ኔልሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች አሻሽለውት በስማቸው ተጠራ። በአገራችን ጤና ጣቢያዎች የነቀርሳ አክታም ሆነ ከሥጋ ደዌ ሕሙማን ቆዳ የተወሰደ ናሙና ለብዙ ዓመታት ሲመረመር የኖረው በዚሁ ዘዴ ነው። ኤርሊክ ኢትዮጵያን አላያትም፤ የእጁ ሥራ ግን ወሎ ድረስ ደርሷል ማለት ነው።

በ1883 ሄድቪግ ፒንኩስ የተባለችውን ልጃገረድ አገባ፤ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ። ነገር ግን ሲመረምረው የኖረው ጠላት ራሱን ያዘው። በ1888 በገዛ አክታው ውስጥ የነቀርሳን ተሕዋስያን ስላገኘ ሥራውን ትቶ ለጤናው የሚስማማ ደረቅ አየር ፍለጋ ወደ ግብፅ ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት ድኖ ወደ በርሊን ሲመለስ ሥራ አልነበረውምና አነስተኛ ላቦራቶሪ በግሉ ከፍቶ ምርምሩን ቀጠለ። በ1891 ኮኽ ወደ አዲሱ የተላላፊ በሽታዎች ኢንስቲትዩት አስገባው።

ከዚህ በኋላ ኤርሊክ የሠራውን ሥራ ለመረዳት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚቀርብ ምሳሌ አለ። በየጓሮው በሚበቅለው በጉሎ ፍሬ ውስጥ ሪሲን የሚባል ብርቱ መርዝ ይገኛል። ኤርሊክ ይህን መርዝ ለአይጦች በመጀመሪያ እጅግ በጥቂቱ፣ ከዚያም ቀስ በቀስ እየጨመረ ሰጣቸው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እነዚህ አይጦች ሌላውን አይጥ ወዲያው የሚገድለውን መጠን ችለው ኖሩ። በደማቸው ውስጥ መርዙን የሚያከሽፍ ነገር ተፈጥሮ ነበር። እናት አይጥ ይህን መከላከያ በወተቷ ለልጆቿ እንደምታስተላልፍም አሳየ። ይህን ዕውቀት ይዞ ቤሪንግ ከሚባለው ሐኪም ጋር ዲፍቴሪያ በተባለው ጉሮሮ በሚዘጋ በሽታ ላይ ሠራ። በዚያን ጊዜ በሽታው በአውሮፓ ብዙ ሕፃናትን ይፈጅ ነበር። ከፈረስ ደም የሚወጣው መድኃኒት አንድ ጊዜ በርትቶ ሌላ ጊዜ ደክሞ ሐኪሞችን ያስቸግር ስለነበረ፣ ኤርሊክ ኃይሉ በትክክል የሚለካበትን መንገድ አበጀለት። የ1901 የኖቤል ሽልማት ለቤሪንግ ብቻ ሲሰጥ የኤርሊክ ድርሻ ሳይነሣ ቀረ፤ የሁለቱም ወዳጅነት ከዚያ በፊት ቀዝቅዞ ነበር።

በ1897 ኤርሊክ ታላቁን አሳቡን አወጣ። በእያንዳንዱ ሕዋስ ገጽ ላይ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ የሆኑ ተቀባዮች አሉ፤ መርዝ ወይም ተሕዋስያን ከቀዳዳው ጋር የገጠመ እንደ ሆነ ሕዋሱ ያንኑ ዓይነት ተቀባይ እጅግ አብዝቶ ሠርቶ ወደ ደም ይለቃል፤ ይህም መከላከያ ይሆናል አለ። ከዝርዝሩ የተሻሻለ ቢኖርም ሕዋስ ተቀባይ አለው የሚለው መሠረት እስከ ዛሬ ጸንቷል።

ነገር ግን ይህ አሳብ ራሱ ከባድ ጥያቄ አመጣ። ሰውነት ለማናቸውም ነገር የሚገጥም ተቀባይ መሥራት ከቻለ፣ ለገዛ ደሙ፣ ለገዛ ጉበቱና ለገዛ ነርቩ የሚገጥም መሣሪያ ከመሥራት ምን ይከለክለዋል?

ኤርሊክ ይህን ነገር በአሳብ ብቻ አልተወውም። በ1899 በፍራንክፈርት ከተማ የአዲስ ኢንስቲትዩት ዲሬክተር ሆኖ ነበርና ዩልዩስ ሞርገንሮት ከተባለው ረዳቱ ጋር በፍየሎች ላይ ሙከራ አደረገ። የአንዱን ፍየል ደም ለሌላው ፍየል በመርፌ ሰጡት። ደም የተቀበለው ፍየል የሌሎችን ፍየሎች ቀይ የደም ሕዋሳት የሚያሟሟ መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው በገዛ ፍየሉ ደም ላይ ሲሞከር ግን ምንም አላደረገም። ሙከራው ተደጋግሞ ተሠራ፤ ውጤቱ አንድ ሆነ። ፍየል የጎረቤቱን ደም ያጠፋል፤ የራሱን ግን አይነካም።

ኤርሊክ ለዚህ ነገር ሆሮር አውቶቶክሲኩስ የሚል የላቲን ስም አወጣለት፤ ትርጉሙም ራስን የመመረዝ ፍርሃት እንደ ማለት ነው። ይህን ባለ ጊዜ የተናገረው ነገር ሁለት ክፍል እንደ ነበረው አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉ እንፈልጋለን። አንደኛው፣ ሰውነት ራሱን ከማጥፋት ይሸሻል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ይህ የሚሆነው በሰውነት ውስጥ ተቆጣጣሪ መሣሪያዎች ስላሉ ነው፣ እነዚህ መሣሪያዎች የተበላሹ እንደ ሆነ ግን ብርቱ አደጋ ይመጣል የሚል ነው።

በምሳሌ እናስረዳው። ስለ ንብ የሚያውቅ የአምባሰል ገበሬ በቀፎው አፍ ላይ ዘበኛ ንቦች እንደሚቆሙ ይነግረናል። እንግዳውን ንብ በሽታው ለይተው ይወጋሉ፤ የቤታቸውን ልጅ ግን ያስገባሉ። የኤርሊክ የመጀመሪያ ቃል ዘበኞቹ ቤተሰቡን አይወጉም እንደ ማለት ነው። ሁለተኛው ቃል ግን የማይወጉት የሚከለክላቸው ነገር ስላለ ነውና ያንን ነገር ፈልጉ የሚል ነው።

የዘመኑ ሊቃውንት የመጀመሪያውን ቃል ይዘው ሁለተኛውን ዘነጉት። ዶናትና ላንድሽታይነር የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በ1904 በቪየና ከተማ ብርድ ሲመታቸው ሽንታቸው ደም የሚመስል ሕሙማንን መርምረው፣ የሕሙማኑ ደም የገዛ ቀይ ሕዋሳታቸውን የሚያሟሟ መሣሪያ እንደ ያዘ አሳዩ። ይህ የልጓሙ መበጠስ ማስረጃ ነበር። ሆኖም የኤርሊክ ስም ታላቅ ስለ ነበረ፣ ያወጣው የላቲን ስምም እንደ ሕግ ስለ ተቆጠረ፣ ሰውነት ራሱን ሊያጠቃ አይችልም የሚለው እምነት ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ጸና።

ኤርሊክ ራሱም ወደ ሌላ ሥራ ተሻገረ። በ1908 ከሩሲያዊው ሜችኒኮቭ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። ቀለም አንዱን ሕዋስ መርጦ የሚይዝ ከሆነ፣ ተሕዋስያኑን ብቻ መርጦ የሚገድል መድኃኒት ሊገኝ ይገባል ብሎ ስለ ተነሣ፣ እሱና ረዳቶቹ በመቶ የሚቆጠሩ የአርሴኒክ ውሕዶችን ተራ በተራ ሞከሩ። በ1909 ጃፓናዊው ሐታ 606ኛው ውሕድ ቂጥኝን እንደሚፈውስ አገኘ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ሳልቫርሳን በሚል ስም ለዓለም ቀረበ። ብዙ ሰው ዳነበት፤ ብዙ ስድብና ክስም አመጣበት።

በጠባዩ ኤርሊክ ለራሱ ምቾት የማያስብ ሰው ነበር። ሲጋራ ከእጁ አይለይም ነበር። የሥራ ክፍሉ ወንበር ሳይቀር በመጻሕፍት የተሞላ ስለ ነበረ እንግዳ የሚቀመጥበት አያገኝም ነበር። ለረዳቶቹ በየዕለቱ ትእዛዙን በቀለማም ወረቀት እየጻፈ ይሰጥ ነበር፤ ሲደክመውም የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ያነብ ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እየተካሄደ ሳለ በኦገስት 20 ቀን 1915 በ61 ዓመቱ ባድ ሆምቡርግ በተባለች ከተማ ዐረፈ። በፍራንክፈርት አንድ መንገድ በስሙ ተጠርቶ ነበር። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ግን አይሁዳዊ በመሆኑ ስሙን ከመንገዱ አነሡት፤ መበለቲቱም አገሯን ጥላ ተሰደደች። የገዛ ልጆቹን ከባዕድ መለየት ያቃተው አገር የደረሰበትን ጥፋት ታሪክ ያውቀዋል። ከጦርነቱ በኋላ ስሙ ወደ መንገዱ ተመለሰ።

የተዘነጋው ሁለተኛው ቃል የተነሣው በ1956 ነው። በአሜሪካ የባፋሎ ዩኒቨርሲቲ ኖኤል ሮዝ የተባለ ወጣት፣ ጥንቸሎች የገዛ ራሳቸው የአንገት ዕጢ ተዋጽኦ በመርፌ ሲሰጣቸው መከላከያቸው ዕጢያቸውን እንደሚያጠፋ አየ። አለቃው ቪተብስኪ ከኤርሊክ ረዳቶች በአንዱ ሥር የተማረ ሰው ነበርና ነገሩን ለማመን ተቸግሮ ሙከራውን ደጋግሞ አሠራው፤ በመጨረሻም ለማስረጃው ተገዛ። በዚያው ዓመት በለንደን ዶኒያክ፣ ሮይትና ካምቤል የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት የአንገት ዕጢ ሕመም ባላቸው ሰዎች ደም ውስጥ የገዛ ዕጢያቸውን የሚይዝ መከላከያ አገኙ። በአገራችን ደጋዎች የሚታየው እንቅርት አብዛኛው ከአዮዲን ማነስ የሚመጣ ስለ ሆነ ከዚህ የተለየ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

እንግዲህ ልጓሙ ምንድን ነው? ዛሬ አንድ ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ነው። ከደረት አጥንት በስተኋላ ታይመስ የሚባል ዕጢ አለ፤ ቲ የሚባሉት ነጭ ሕዋሳት በዚያ ይፈተናሉ፤ የገዛ ሰውነትን አጥብቆ የሚይዝ ተቀባይ ያለው አብዛኛው በዚያው ይጠፋል። ነገር ግን ፈተናውን አምልጠው የሚወጡ አሉ።

ሁለተኛው ልጓም ሕዋሱ በራሱ ላይ የሚያጠልቀው ነው። አንድ ቲ ሕዋስ ለውጊያ ለመነሣት ሁለት ፈቃድ ያስፈልገዋል። አንዱ ጠላትን በተቀባዩ መለየቱ ሲሆን፣ ሌላው ጠላቱን ይዞ ከሚያሳየው ሕዋስ የሚመጣ የተነሥ ምልክት ነው። ሕዋሱ ከተነሣ በኋላ ሲቲኤልኤ-4 የሚባል ፕሮቲን በገጹ ላይ ያወጣል። ይህ ፕሮቲን ምልክት ሰጪውን ከፊተኛው ተቀባይ ይልቅ አጥብቆ ስለሚይዝ የተነሥን ምልክት ይነጥቀዋል፤ ሕዋሱም ቀስ በቀስ ይረጋል። ፒዲ-1 የሚባል ሌላ ፕሮቲን ደግሞ ውጊያው በሚካሄድበት ሥጋ ዘንድ በቃህ የሚል ምልክት ይቀበላል። የነቀርሳ እባጭ ሕዋሳት ይህን ልጓም እየሳቡ ከመከላከያ እንደሚያመልጡ ስለ ታወቀ፣ ልጓሙን የሚፈቱ መድኃኒቶች ተሠርተዋል። ለዚህ መሠረት የጣሉት አሊሰንና ሆንጆ በ2018 የኖቤልን ሽልማት አግኝተዋል። ይሁን እንጂ መድኃኒቱን ከሚወስዱት መካከል አንዳንዶቹ አንጀታቸው ወይም የአንገት ዕጢያቸው በገዛ መከላከያቸው ይጠቃል። ልጓም የሌለው ፈረስ ጋላቢውንም እንደሚጥል ይህ ያስረዳል።

ሦስተኛው ልጓም የዘበኞቹ ዘበኛ ነው። በ1995 ጃፓናዊው ሳካጉቺ ሌሎችን ቲ ሕዋሳት የሚያረጋጋ ልዩ የቲ ሕዋስ ወገን መኖሩን አሳየ። ይህን ወገን ከአይጥ ሲያስወግደው የአይጡ መከላከያ ልዩ ልዩ የሰውነት ክፍሎችን አጠቃ፤ ሲመልሰው ግን በሽታው ተከለከለ። በ2001 በአሜሪካ ብራንኮውና ራምስዴል ፎክስፒ3 የሚባለውን ዘር አገኙ፤ ይህ ዘር የተበላሸባቸው ወንዶች ሕፃናት ገና በጨቅላነታቸው በስኳር በሽታ፣ በተቅማጥና በቆዳ ቁስል ይሠቃያሉ። እነዚህ አረጋጊ ሕዋሳት ተዋጊዎቹ ለመብዛት የሚፈልጉትን ስንቅ ሻምተው ይወስዳሉ፤ የተነሥንም ምልክት ያደክማሉ። ሦስቱ ሰዎች በ2025 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ኤርሊክ ተቆጣጣሪ መሣሪያ መኖር አለበት ካለ ወደ 125 ዓመት ያህል ሆኖት ነበር።

በአገራችንም ይህ ጥያቄ ቦታ አግኝቷል። በ1970 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት የጀመረው የሥጋ ደዌ ተሕዋስያንና የሰውነት መከላከያ እንዴት እንደሚተያዩ በመመርመር ነው። መጀመሪያ ላይ ያነሣነው የአምባሰል ሕመምተኛ ነርቩ ሲያብጥ ሐኪሙ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን መድኃኒት የሚሰጠው የተቆጣውን መከላከያ ለመግታት ነው፤ ተሕዋስያኑን የሚገድለው መድኃኒትም ካላለቀ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ሁለቱ መድኃኒቶች ተቃራኒ ቢመስሉም አንዱ ጠላትን፣ ሌላው የገዛ ሠራዊትን ቁጣ ይይዛል። በየወረዳው የምትሠሩ ወጣቶች ይህን ለሕመምተኛው በቀላል አማርኛ ብታስረዱት፣ በጊዜ ወደ ሐኪም ተመልሶ እጁን ሊያድን ይችላል።

ተማሪዎች ከኤርሊክ ሕይወት የሚያገኙት ትምህርት ደግሞ ሌላ ነው። በ13ኛው ምዕተ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ካስተማሩበት ከሐይቅ እስጢፋኖስ ጀምሮ አገራችን የቆየ የትምህርት ልማድ አላት። በመጽሐፍ ትርጓሜ ቤትም መምህሩ አንዱን ቃል ፈትቶ አንድም ብሎ ሌላውን ፍቺ ይጨምራል እንጂ በአንዱ ብቻ አይቆምም። የኤርሊክ ተከታዮች አንዱን ፍቺ ይዘው አንድም የሚለውን ስለ ዘለሉ ዓለም ግማሽ ምዕተ ዓመት ከሰረ። የታላቅ ሰውን ቃል ማክበር ማለት ቃሉን እስከ መጨረሻው መስማት ነው። ኤርሊክ ለዓለም የተወው ያወጣውን ስም ብቻ አልነበረም፤ ከስሙ ቀጥሎ ያስከተለው ጥያቄ ነበር።